«ሲይንግ» ምንድን ነው?

ማታ ቴሌስኮፕ ይዘው ሊወጡ ነው። ትንበያውን ሲያዩ «ደመና 0 ከመቶ» ይላል። ደስ ብሎዎት ወጡ። ጁፒተር ላይ ሲያነጣጥሩ ግን ውሃ ውስጥ የወደቀ ሳንቲም ይመስል ይርገበገባል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ መሣሪያውም ደህና ነው። ታዲያ ምን ጎደለ?

የጎደለው የአየሩ እርጋታ ነው። ሲይንግ የሚባለው እሱ ነው።

ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር ብርሃንን እኩል አያጣምሙም። ሁለቱ ሲተራመሱ በመካከላቸው የሚያልፈው ብርሃን እየተወላገደ ይደርሰናል። ቀን ላይ፣ የጋለ አስፋልት ላይ ሲርገፈገፍ የምናየው ነገር ማለት ነው። ከዋክብት ብልጭ ድርግም የሚሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ለባዶ ዓይን ያምራል። ቴሌስኮፕ ግን ምስሉን ሲያጎላ መርገብገቡንም አብሮ ያጎላዋል።

የሲይንግ ልኩ አርክሰከንድ ነው፤ አንድ ዲግሪ ለ3,600 ሲካፈል። የሚለካው የኮከቡ ምስል ምን ያህል እንደተበተነ ነው፣ ስለዚህ ትንሹ ቁጥር ይሻላል። ትልልቆቹ የተራራ ላይ ቴሌስኮፖች ባማረ ሌሊት ከ1 አርክሰከንድ በታች ያገኛሉ። እኛ 2 ካገኘን ተመስገን ነው። አንዳንድ ትንበያዎች ግን በነጥብ ይሰጡታል፣ እዚህ ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። በፒከሪንግ መለኪያ 10 ምርጥ ነው፤ በአንቶኒያዲ ደግሞ ምርጡ 1 ነው። ገልብጦ ያነበበ ሰው ጥሩውን ሌሊት ተኝቶ ያሳልፈዋል።

የተለመደው የስልክ ትንበያ ስለ ሲይንግ ምንም አይልም። ያኔ የላይኛውን ንፋስ ይዩ። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ንፋስ፣ ጄት ስትሪም የሚባለው፣ ከራስዎ በላይ ከሆነ ፕላኔቶቹን ለሌላ ቀን ይተዉ።

አስቂኙ ነገር፣ ዝናብ አጥቦት ጥርት ያለ ሰማይ ብዙ ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ጭጋግ ያለበት፣ ቅጠል የማይነቃነቅበት ሌሊት ግን ለጨረቃና ለፕላኔት አንደኛ ሊሆን ይችላል። ጋላክሲና ኔቡላ (በህዋ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ለሚፈልግ ነገሩ ሌላ ነው። እነሱ ከእርጋታው ይልቅ ጥራቱንና ጨለማውን ይፈልጋሉ።

ትንበያው የማያውቀው ደግሞ የእርስዎን ጓሮ ነው። ቀን የጋለ የቆርቆሮ ጣሪያ ማታ ሙቀቱን ይተፋል፤ በእሱ አናት ላይ አያነጣጥሩ። ቴሌስኮፑንም ከሞቀ ክፍል አውጥተው ቶሎ አይመልከቱበት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ። እስከዚያ ቀና ብለው አናት ላይ ያሉትን ከዋክብት ይዩ። እነሱም እንደ እብድ ብልጭ ድርግም ካሉ፣ ብዙ የማያጎላውን ባይኖኩላር ያውጡ።