ከማኅበሩ መካከል አንዷን ሕዋስ ማየት፦ የረቂቅ ተሕዋስያን የምስል ዘዴዎች ከጎንደር ሲታዩ

ጎንደር ውስጥ በየጓዳው የሚቀመጠው እርሾ የአንድ ተሕዋስ ሥራ አይደለም። ከቦካው የጤፍ ሊጥ ላይ የሚያቀርረው ቢጫማ ውሃ ለሚቀጥለው ቡኮ ሲተርፍ፣ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችና የእርሾ ፈንገሶች አብረው ይሻገራሉ። እንዲህ ተደባልቀው የሚኖሩት የተሕዋስያን ማኅበር ይባላሉ። አባላቱን ሳይበትኑ፣ በተቀመጡበት ቦታ አንድ በአንድ ለይቶ ማየት የሚያስችሉ የምስል ዘዴዎች ባለፉት ዐርባ ዓመታት ገደማ ራሳቸውን የቻሉ የጥናት መስክ ሆነዋል።

ምስሉ ያስፈለገበት ምክንያት የሌሎቹ መንገዶች ጉድለት ነው። ተሕዋሱን በሳህን ላይ አሳድጎ መቁጠር የቆየ ዘዴ ነው፤ ግን ከብዙ የውሃና የአፈር ናሙናዎች ውስጥ ሳህን ላይ የሚበቅሉት በማይክሮስኮፕ ከሚታዩት 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ናሙናውን አሟሙቶ ዲኤንኤውን ማንበብ ደግሞ የጽዋ ማኅበር መዝገብን እንደማንበብ ነው። የማኅበርተኞቹ ስም በሙሉ ይገኛል፤ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ፣ ማን እንደሠራና ማን በስም ብቻ እንዳለ ግን መዝገቡ አይናገርም።

ጎንደር ለዚህ ዓይነቱ እይታ እንግዳ አይደለችም። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲጀመር፣ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን ነበር የሚያወጣው። በአካባቢው የላብራቶሪ ሥራም ማይክሮስኮፕ ዋና መሣሪያ ነው። ከመተማና ከሁመራ ቆላ ለሚመጣ የካላዛር ሕመምተኛ፣ ከጣፊያው የተወሰደው ናሙና በጊምዛ ይቀለማል። መርማሪው የሚፈልገው ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር የምትሆን፣ በውስጧ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ነጥብ የያዘች ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ሁለቱን ነጥቦች አብሮ ማየት ግድ ነው፤ አንዱ ብቻ ከታየ የቀለም ቅሪት ሊሆን ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ የአክታ ምርመራም በመሠረቱ ከድብልቅ ማኅበር ውስጥ አንዱን መለየት ነው። የአፍ ባክቴሪያዎች በሞሉበት አክታ ውስጥ በሰም መሰል ግድግዳው ቀይ ቀለሙን አጥብቆ የሚይዘውን ዘንግ መፈለግ ማለት ነው። ግን በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ዘንጎች ካልተገኙ ዓይን ብዙውን ጊዜ ይስታቸዋል።

ቀለም ግን ወገንን እንጂ ዝርያን አይለይም። ሃንስ ክርስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 ያወጣው ማቅለሚያ ባክቴሪያዎችን በሁለት ይከፍላል፤ በእርሾው ውስጥ ላሉት ላክቲክ አሲድ ሠሪዎች ሁሉ ያው አንድ ሐምራዊ ነው። ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ዴሎንግ፣ ዊክሃምና ፔስ የሚያበራ ቀለም የተለጠፈበትን አጭር የዲኤንኤ ክር ወደ ሙሉ ሕዋስ ውስጥ አስገብተው ከራይቦሶሙ (የሕዋሱ ፕሮቲን መሥሪያ) አርኤንኤ ጋር እንዲጣበቅ ሲያደርጉ ነው። ዘዴው በአጭር ስሙ ፊሽ ይባላል፤ ክሩም ፕሮብ። አብዛኛዎቹን ባክቴሪያዎች የሚያጠምደው የታወቀው ፕሮብ ርዝመቱ 18 ፊደል ብቻ ነው። በፍጥነት በምታድግ ሕዋስ ውስጥ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ራይቦሶሞች ስላሉ ብርሃኑ ደምቆ ይታያል። የደከመች ወይም ያንቀላፋች ሕዋስ ግን ትደበዝዛለች፤ ስለዚህ ጨለማ መሆኗ አለመኖሯን አያረጋግጥም። ይህን የሚዘነጉ ብዙ ናቸው።

የጤፍ እርሾ በዚህ ዘዴ ቢታይ ሥራው በሁለት ቦታ ይከብዳል። የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ፕሮቡ እንዲገባ ግድግዳ በሚያሟሟው ኢንዛይም፣ በላይሶዛይም፣ መሳሳት አለበት፤ ከበዛ ሕዋሱ ይፈርሳል፣ ካነሰ በሩ ዝግ ነው። የእህሉ ገለፈት ደግሞ ያለ ምንም ቀለም በራሱ ያበራል፤ ከባክቴሪያው ብርሃን ጋር እንዳይምታታ ምንም ፕሮብ ያልገባበት ስላይድ ለማነጻጸሪያ ጎን ለጎን መታየት ይኖርበታል። እኔ ይህን ስላይድ የማያሳይ ምስል አላምንም።

ፊሽ ያመጣው ትልቁ ነገር ሰፈርን ማሳየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከባሕር ወለል ደለል ውስጥ፣ መቶ ያህል አርኬያዎች (ባክቴሪያ የሚመስሉ፣ ግን ሌላ ወገን የሆኑ ተሕዋስያን) በመሐል ተሰብስበው ዙሪያቸውን ሰልፌት የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች ከብበዋቸው ታዩ፤ ሚቴን ያለ ኦክስጅን የሚበላው እንዲህ ባለ ሽርክና መሆኑን ያመለከተው ይህ አቀማመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በርካታ ቀለሞችን በአንድ ጊዜ በመጠቀም፣ ጥርስ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ እንደ ጃርት እሾህ ወደ ውጭ የተዘረጉ ረጃጅም ባክቴሪያዎች ያሉበት፣ ሌሎቹም በየደረጃቸው የሰፈሩበት ሥርዓት ያለው ግንባታ መሆኑ ታየ።

ማንነት ከታወቀ በኋላ የሚቀረው ሥራቸው ነው። ናኖሲምስ የሚባለው መሣሪያ ናሙናውን በሲዚየም አዮን እየደበደበ፣ ተሕዋስያኑ ቀድሞ የተመገቡት ካርቦን 13 ወይም ናይትሮጅን 15 (ከተለመደው ከበድ ያለው የካርቦንና የናይትሮጅን ዓይነት) በየትኛው ሕዋስ ውስጥ እንደገባ እስከ 50 ናኖሜትር ድረስ ለይቶ ያሳያል። ግን የሚያየውን እየፋቀ ነው የሚያየው፤ ዋጋውም ለአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ የማይታሰብ ነው። የራማን ማይክሮስኮፕ የሚጠቀመው በሌዘር ነው። ተሕዋሱ ከባድ ውሃ (በተራው ሃይድሮጅን ፈንታ ከባዱን ሃይድሮጅን፣ ዲዩቴሪየምን፣ የያዘ ውሃ) ጠጥቶ እየሠራ ከሆነ ዲዩቴሪየሙ በሕዋሱ ቅባትና ፕሮቲን ውስጥ ይገባል፤ ምልክቱም ከሕዋሱ በሚበተነው ብርሃን ላይ ይነበባል። ሕዋሱ ሳይሞት መታየቱ ትልቅ ጥቅሙ ነው።

ከጎንደር በስተደቡብ፣ በጎርጎራ በኩል ያለው የጣና ዳርቻ እነዚህ ዘዴዎች የት ላይ እንደሚቆሙም ያሳያል። በሐይቁ ከሚገኙት ሰማያዊ አረንጓዴ ባክቴሪያዎች አንዱ ማይክሮሲስቲስ ነው፤ መርዝ የሚሠራውና የማይሠራው ዓይነቱ በማይክሮስኮፕ አንድ ናቸው። የራይቦሶም ፕሮብም አይለያቸውም፤ ልዩነቱ ያለው መርዙን በሚሠራው ጂን ላይ ነውና። በሐይቁ ላይ በተስፋፋው እምቦጭ ሥር ላይ የሚሰፍሩት ባክቴሪያዎች ግን ለፊሽ የተመቹ ናቸው፤ ሥሩ እንዳለ ተቆርጦ፣ ሰፈሩ ሳይናድ፣ በኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ንብርብር በንብርብር ይታያል።

ብዙው ነገር የሚወሰነው ገና ከሐይቁ ዳር ነው። በጀሪካን ተቀድቶ ሙቀት ውስጥ የዋለ ውሃ ጎንደር ሲደርስ ሌላ ማኅበር ሆኖ ይገኛል፤ ፈጣኑ ተራብቷል፣ ደካማው ሞቷል። ናሙናው እዚያው በፎርማልዴሃይድ፣ ወፍራም ግድግዳ ላላቸው ደግሞ በኤታኖል፣ ሕዋሳቱ ባሉበት ሁኔታ እንዲጸኑ መደረግ አለበት፤ ከዚያ በረዶ ውስጥ ይጓጓዛል። በአግባቡ የጸና ናሙና ከኤታኖል ጋር ተቀላቅሎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲቀመጥ ወራት ይቆያል፤ ስለዚህ ኮንፎካሉ ሌላ ከተማ ቢሆንም ጎንደር የተዘጋጀ ስላይድ ተራው እስኪደርስ መጠበቅ ይችላል።