ፀሐይ በሌለበት ማድረቅ፦ ጅማና የኩሽናው ማድረቂያ ማሽን

ጅማ ላይ ማድረቅ አዲስ ነገር አይደለም። ከማና፣ ከጎማና ከሊሙ የሚለቀመው ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ይሆናል። ኮረሪማው፣ ጥምዙ፣ ዝንጅብሉና እርዱም ደርቆ ነው የሚከርመው። በየጓሮው ሰፌድ ላይ የተሰጣ ኮሰረት ወይም በርበሬ አይጠፋም። አዲሱ ነገር ይህንኑ ሥራ ኩሽና ውስጥ፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚሠራው ማሽን ነው። አንዳንዱ ሰው «ዲሃይድሬተር» ይለዋል፤ እኔ ማድረቂያ እያልኩ ልቀጥል።

ከተማዋ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዓመታዊ ዝናቧ ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ዝናቡ መጋቢት አካባቢ ይጀምርና ክረምቱን ይዞ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ቡና ዕድለኛ ነው፤ በብዛት የሚለቀመው ሰማዩ ሲጠራ፣ ከጥቅምት ወዲህ ነው። በሶብላ ግን የሚፋፋው ክረምቱን ጠጥቶ ነው። ማንጎም ገበያውን የሚያጥለቀልቀው ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው። ሊደርቅ የሚገባው ሁሉ የሚደርሰው ፀሐይ በጠፋችበት ሰዓት መሆኑ ነው ችግሩ። ኮሰረት ሰፌድ ላይ እያለ ሦስት ቀን ደመና ከመጣበት ይጠቁራል። ጠዋት ያወጡታል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሲያካፋ እየሮጡ ያስገቡታል። መጨረሻ ላይ የሚተርፈው ግማሹ ነው፣ እሱም ሻጋታ ሻጋታ ይላል።

ማድረቂያው በውስጡ ብዙ ነገር የለውም። የሚያሞቅ ኤለመንት፣ ነፋስ የሚገፋ ፋን፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት፣ ከዚያ ወንፊት የሚመስሉ ትሪዎች። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ክብ ትሪዎቹ እንደ ምሳ ዕቃ የሚደራረቡበት ሲሆን ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ወይም ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። ሁለተኛው ሳጥን ነው፤ ፋኑ ከኋላ ሆኖ ነፋሱን በጎን ይልካል። የመጀመሪያው ይረክሳል፣ ግን ትሪዎቹን በየጊዜው ማቀያየር ያስፈልጋል፤ ለፋኑ የቀረበው ቀድሞ ይደርቃልና።

ብዙ ሰው እንደ ምድጃ ያየዋል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ አያበስልም፣ አየሩን ነው የሚያስጠማው። የክረምት አየር 20 ዲግሪ ሙቀትና 80 በመቶ እርጥበት አለው እንበል። ያንኑ አየር 55 ዲግሪ ብታደርሱት እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ይወርዳል። ውሃው ከአየሩ አልወጣም፤ አየሩ ሲሞቅ የመሸከም አቅሙ ስለጨመረ ነው። እንዲህ የተጠማ አየር በማንጎው ላይ ሲያልፍ ውሃውን ይጠጣና ይዞት ይወጣል። ፋኑ ባይኖር ያው አየር እዚያው ጠግቦ ይቀመጣል። ስለዚህ ውጭ ዶፍ እየወረደም ማሽኑ ይሠራል፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ።

ሙቀት ጨምሮ ማፋጠን የሁሉም ጀማሪ ፈተና ነው፣ የእኔም ነበር። መጀመሪያ ያደረቅኩት ኮሰረት ነው፣ በኦሮምኛ ኩሳዬ የሚባለው። ቶሎ ይለቅ ብዬ 65 ዲግሪ ላይ አደረግኩት። ቤቱ በሙሉ የተነጠረ ቅቤ ሸተተ። ደስ አለኝ። ጠዋት እናቴ አንድ ቅጠል በጣቷ ፈትጋ አሸተተችና «ይሄማ ገለባ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሌሊቱን ቤቱን ያወደው ሽታ ለቅቤው ይቀራል ያልኩት ነበር። የኮሰረት፣ የበሶብላና የጥብስ ቅጠል መዓዛ በዘይታቸው ውስጥ ነው ያለው፤ ዘይቱ ደግሞ በሙቀት ይበናል። ለቅጠል ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ይበቃል። ስሱ ቅጠል በጥቂት ሰዓት ያልቃል። ግንዱ ቀጭ ብሎ ሲሰበር፣ ቅጠሉ መዳፍ ላይ ሲፈረፈር ደርቋል ማለት ነው። የጤና አዳም ነገር ግን ለእኔ አይሆንልኝም። እሸቱን ቡና ውስጥ መንከር የለመደ ሰው ደረቁን አይወደውም።

ዝንጅብል 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ተቆርጦ ይገባል። እርድ ግን አስቀድሞ ቢቀቀል ይሻላል።

ጅማ ላይ ደረቅ ፍራፍሬ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው የረመዳንን ተምር ነው። ሙዝ፣ ማንጎና አናናስም በዚያው መንገድ ይሄዳሉ፣ 57 ዲግሪ አካባቢ። ከዚያ በላይ ከሄደ ላዩ ቶሎ ይደርቅና እንደ ቅርፊት ይዘጋል፤ ውስጡ ያለው ውሃ መውጫ ያጣል። ሲነኩት የደረቀ ይመስላል፣ በሳምንቱ ይሻግታል። ቁራጩ እኩል ውፍረት ይኑረው፣ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አይብለጥ። እንዳይጠቁር ቀድሞ ትንሽ ሎሚ በተጨመረበት ውሃ ውስጥ ነክሮ ማውጣት ነው። ሙዝ ከስድስት እስከ አስር ሰዓት ይፈልጋል፣ አናናስ ከዚያ ይብሳል። አንድ ኪሎ የተላጠ ሙዝ ገብቶ 300 ግራም ገደማ ይወጣል፤ ሲያዩት ያሳዝናል።

መድረሱን ሰዓት አይናገርም፣ እጅ ነው የሚናገረው። አንድ የሙዝ ቁራጭ አውጥታችሁ አቀዝቅዙት። ትኩስ እያለ ሁሉም ነገር ለስላሳ ነው፣ ያታልላል። ሲበርድ እጠፉት። እንደ ቆዳ ታጥፎ ሳይጣበቅ ከተመለሰ፣ ለሁለት ሲቆረጥ ተጨምቆም ጠብታ ካላወጣ በቅቷል።

ለስልሶ ያለፈበት ማንጎ ካለ አይጣል። ፈጭቶ በቅባት ወረቀት ላይ እንደ እንጀራ በስሱ ማስፋት ነው። ሲደርቅ ይላጣል፣ ተጠቅልሎ ለልጆች ይሆናል። ዘይቱን የሚባለው ፍራፍሬም (ጓቫ) እንዲሁ ይደረጋል፣ ፍሬው በወንፊት ከተለየ። አቮካዶን ግን ተዉት። ቅባት አይደርቅም፣ ይሰነፍጣል እንጂ።

ከማሽኑ የወጣ ፍራፍሬ ቶሎ አይታሸግም። ቁራጮቹ እኩል አይደርቁም። በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ንጹሕ የማርመላታ ጠርሙስ ሁለት ሦስተኛውን ሞልቶ ክዳኑን መግጠምና ለአንድ ሳምንት በየቀኑ መነቅነቅ ነው። እርጥቡ ለደረቁ ያካፍለዋል። መስታወቱ ላይ ጤዛ ከታየ ተመልሶ ወደ ማሽኑ። ቡና ነጋዴው ቡናው ወደ 11 ወይም 12 በመቶ እርጥበት ካልወረደ መጋዘን አላስገባም የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሻጋታ የሚፈልገው ትንሽ ውሃ ነው። ፍራፍሬው 20 በመቶ ገደማ ላይ ቢቀርም ስኳሩ ውሃውን ይዞ ያግዘዋል። ጠርሙሱ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ቅጠል በተለይ መስኮት ዳር ከተቀመጠ ቀለሙም መዓዛውም ይሄዳል።

በርበሬና ሚጥሚጣ ቤት ውስጥ አታድርቁ። ፋኑ ሥራውን ይሠራል፤ ሲያስል የሚያመሸው ቤተሰቡ ነው። በረንዳ ካለ እዚያ ይሁን። ሽንኩርትም ከሙዝ ጋር አንድ ላይ አይገባም፣ የሽንኩርት ሙዝ ቀምሼ አውቃለሁ።

ስለ መብራቱም ልናገር። 500 ዋት የሚወስድ ማሽን ስምንት ሰዓት ቢሠራ ቢበዛ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ ቁጥር 1 ያለው እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ ነው፣ ግን መብራት ሲጠፋ ጎረቤትነት አይቆጠርም። ቅጠል ከሆነ ግድ የለም፣ ትሪውን አውጥቶ ነፋስ ያለበት ቦታ ማቆየት ይቻላል። ፍራፍሬ ከሆነና ቶሎ ካልመጣ ወደ ፍሪጅ ይግባ፤ ፍሪጁ ባይሠራም በሩ እስካልተከፈተ ጥቂት ሰዓት ቅዝቃዜ ይይዛል። ግማሽ የደረቀ ማንጎ ሙሉ ሌሊት ሙቅ ማሽን ውስጥ ካደረና ጠዋት ጠጅ ጠጅ ካለ፣ ቀምሶ ማጣራት አያስፈልግም። ይደፋል።