ዛላምበሳ ተከፍቶ ሲዘጋ፦ ስለ ድንበር ንግድ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎች ወደ አሰብ ወደብ በሚወስደው የቡሬ ማለፊያና በዛላምበሳ ላይ ተገኝተው ለሃያ ዓመታት ተዘግቶ የኖረውን መንገድ ከፈቱ። ሰው ያለ ቪዛ፣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይተላለፍ ጀመር። በታኅሣሥ መጨረሻ የኢትዮጵያዋን ሑመራና የኤርትራዋን ኦምሐጀር የሚያገናኘው መንገድም ተጨመረ። በሚያዝያ ግን ሁሉም ተመልሶ ተዘጋ። ስለነዚያ ወራት ሲወራ የምሰማው ገሚሱ ምኞት፣ ገሚሱ ቂም ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ወሰኑ ሳይካለል ንግድ አይኖርም»

ሁለቱ አገሮች ከጦርነቱ በኋላ በስምምነት ያቋቋሙት የድንበር ኮሚሽን በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ባድመን ለኤርትራ፣ ዛላምበሳን ለኢትዮጵያ ወስኗል። ውሳኔው በወረቀት ቀረ እንጂ መሬት ላይ ችካል አልተተከለበትም። በ2011 ዓ.ም. በሩ ሲከፈትም ነገሩ እንደዚያው ነበር፤ የአዲግራት ጤፍና ሲሚንቶ ግን ችካሉን ሳይጠብቅ ሰንዓፈን አልፎ አስመራ ገባ። ቆጵሮስም እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በግሪክ ቆጵሮሳውያን ደቡብና በቱርክ ቆጵሮሳውያን ሰሜን ለሁለት እንደተከፈለች ናት፤ ፖለቲካው ዛሬም አልተፈታም። ሆኖም የሰሜኑ መገበያያ የሆነው የቱርክ ሊራ ሲወድቅ የግሪክ ቆጵሮሳውያን መኪኖች ነዳጅ ለመሙላት ወደ ሰሜን ይሻገራሉ። ገዢና ሻጭ የሚፈልጉት ማለፊያ ነው፤ መሬቱ የማን እንደሆነ ሌላ ሰው ይከራከርበት።

«ሰው ካለፈ ዕቃም ያልፋል»

አያልፍም፤ ሁለቱ የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው። በካሽሚር ሕንድ የያዘችውን ክፍል ፓኪስታን ከያዘችው የሚለየውን የቁጥጥር መስመር የሚያቋርጠው አውቶቡስ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን፣ ዕቃ የጫነ መኪና ግን እስከ 2008 ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ያኔም የተፈቀደው 21 ዓይነት ሸቀጥ ብቻ ነበር። በቆጵሮስም ሕዝቡ መሻገር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ስለ ሸቀጥ የሚደነግገው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ የወጣው ግን በዓመቱ ነው። ዛላምበሳ ላይ ሰውና ዕቃ በአንድ ቀን አለፉ፤ ከኋላቸው ግን በይፋ የታወጀ የጉምሩክም ሆነ የንግድ ሥርዓት አልነበረም። ደስታውም በሽታውም እዚያ ላይ ነበር።

«የገንዘቡ ነገር መላ አያጣም»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይኼኛው ነው፤ ምክንያቱም ትምህርቱ አስቀድሞ በውድ ተከፍሎበታል። ኤርትራ በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን እስካወጣችበት ጊዜ ድረስ ሁለቱም አገሮች የሚገበያዩት በብር ነበር። ናቅፋ ሲመጣ ኢትዮጵያ ከትንንሹ የድንበር ንግድ በቀር ግብይቱ በባንክ በኩል፣ በውጭ ምንዛሪ እንዲሆን አዘዘች። በግንቦት ጦርነት ተነሣ። ጦርነቱን ያመጣው ይህ ብቻ ነው ባይባልም፣ ግንኙነቱን ካሻከሩት ነገሮች አንዱ እንደነበር የሚክድ የለም።

በ2011 ዓ.ም. ጥያቄው ሳይመለስ መንገዱ ተከፈተ። አሥር ኩንታል ጤፍ ጭና የተሻገረችን አንዲት የአዲግራት ነጋዴ በምሳሌ እንውሰድ። የሸጠችው በናቅፋ ነው። ናቅፋውን አዲግራት ያለ ባንክ አይቀበላትም። ስለዚህ ወይ በሩ ላይ ከቆመ መንዛሪ ጋር ትደራደራለች፣ ወይ በናቅፋው እዚያው ዕቃ ገዝታ ትመለሳለች፤ የገዛችውን ዕቃ አገሯ የሚፈልገው ካገኘች ማለት ነው። የምንዛሪውን ተመን የሚቆርጠው ወሬ ነው። «ነገ ሊዘጋ ነው» ከተባለ በዚያች ሰዓት ናቅፋ የሚቀበላት የለም። በጤፉ ያገኘችው ትርፍ መመንዘሪያው ላይ ሊያልቅ ይችላል። የገዢውም እጅ የታሰረ ነው፦ ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ የገንዘብ ኖቶቿን ከቀየረች በኋላ አንድ ሰው ከሒሳቡ በወር ከ5,000 ናቅፋ በላይ እንዳያወጣ ገድባ ነበር። ካሽሚሮች ይህን ችግር ያለፉት ገንዘብን ጭራሽ በመተው፣ ዕቃን በዕቃ በመለወጥ ነው። ዘዴው አሰልቺና ያረጀ ቢሆንም፣ ምንዛሪ ጥሎት የሚከስር ነጋዴ አልነበረበትም።

«ድንበር ሲከፈት ሁሉም ይጠቀማል»

ሁለት ገበያዎች ሲገናኙ ዋጋቸው በአንድ ቱቦ እንደተያያዙ ሁለት ጋን ውሃ ነው፤ አንዱ ሲጎድል ሌላው ይሞላል። አስመራ ላይ እህል ሲረክስ የቤት እመቤቷ እፎይ ትላለች፤ ቀደም ብሎ በውድ ገዝቶ መጋዘን የሞላው ነጋዴ ግን ባዶ እጁን ያጨበጭባል። በአዲግራት በኩል ደግሞ ኩንታል የሚሸጠው ገበሬና ጫኝ አውራጁ ሲደሰቱ፣ በደመወዝ የሚኖረው መምህር ያንኑ ጤፍ ከአዲስ ገዢ ጋር ተሻምቶ ይገዛል። ዛላምበሳ ያሉት ሻይ ቤቶችና አልጋ ቤቶች ያለ ጥርጥር ተጠቅመዋል። የተሻገረው ሁሉ ደግሞ ሸማች አልነበረም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ አሥር ሺህ የሚያህሉ ኤርትራውያን ኢትዮጵያ ገብተው በስደተኝነት ተመዝግበዋል።

«ቡሬ ከተከፈተ አሰብ አለ፤ ሸቀጥ ይረክሳል»

ወደብ በሪባን መቁረጥ ሥራ አይጀምርም። ክሬን፣ መጋዘን፣ የተጠገነ መንገድና የመርከብ ድርጅቶች መርሐ ግብር ያስፈልገዋል፤ ጅቡቲ እነዚህን የገነባችው በሃያ ዓመት ውስጥ ነው። በዚያ ላይ የአሰብ ጉዳይ የአገር ገቢ ንግድ ነው፤ ከዛላምበሳ ቅዳሜ ገበያ ጋር ባይደባለቅ ይሻላል።

«ሲዘጋ የሚከስረው ትልቁ ነጋዴ ነው»

ትልቁ ነጋዴ ሌላ መንገድ፣ ሌላ ሸቀጥ፣ የባንክ ብድርም አለው። በታኅሣሥ አጋማሽ በኤርትራ በኩል በዛላምበሳና በሌላው ማለፊያ በራማ ላይ ድንገት የይለፍ ወረቀት መጠየቅ ሲጀመር መንገድ ላይ የሚቀረው ከዘመድ ተበድሮ ሽንኩርት የጫነ ሰው ነው። ሽንኩርት ደግሞ ወረቀት እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ለመዘጋቱ በወቅቱ ይፋ የሆነ ምክንያት አልተሰጠም፤ ነጋዴውም የሚጠይቀው መሥሪያ ቤት አልነበረውም።

«ሕግ ቢወጣለት ኖሮ አይዘጋም ነበር»

እዚህ ላይ እኔም ግማሽ መንገድ እስማማለሁ። ካሽሚር ግን የሸቀጥ ዝርዝር፣ የገበያ ቀንና የተመዘገቡ ነጋዴዎች እያሉት፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 የሕንድ መንግሥት በአንድ ትእዛዝ አቆመው። የእኛም በሮች የተዘጉት በዚያው ወር ነው። የቆጵሮስ ማለፊያዎችም በኮቪድ ጊዜ ተዘግተው ነበር፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ተከፈቱ። የሸቀጡ ደንብ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ስለሆነ፣ የሰሜኑ ነጋዴ የምስክር ወረቀቱን ከዚያው ከቱርክ ቆጵሮሳውያን ንግድ ምክር ቤት አውጥቶ ንግዱን ቀጠለ። ለዛላምበሳዋ ነጋዴ እንዲህ ያለ ወረቀት የሚሰጣት አካል አልነበረም። ስለዚህ በሩ ሲከፈትም በዱቤ አትሸጥም፣ መጋዘን አትከራይም፤ በአንድ ሳምንት ተሸጦ ከሚያልቅ በላይም አትገዛም።