«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ»፦ ስለ አባባሉና ስለሚረሳ ተራኪ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለው አባባል፣ በደል ያደረሰ ሰው ያደረገውን ቢዘነጋ እንኳ በደሉ የደረሰበት ሰው እንደማይዘነጋው ያስረዳል። «ወጋ» የሚለው ግስ ሰፊ ነው፤ ጦር ይወጋል፣ እሾህ ይወጋል፣ በሬ በቀንዱ ይወጋል፣ ሐኪምም በመርፌ ይወጋል። «ውጊያ»ም፣ ጎንን ሰቅዞ የሚይዘው «ውጋት»ም የተገኙት ከዚሁ ግስ ነው። አባባሉ ማን ማንን በምን እንደወጋ ስለማይናገር፣ ለጦር ቁስል የሚነገረውን ያህል ለጎረቤት ጠብ፣ ለውርስ ክርክርና ለትዳርም ይነገራል።

ብዙ ጊዜ የሚተረጎመው ከተወጋው ወገን ሆኖ፣ ቂም በቀላሉ እንደማይሽር ለማስጠንቀቅ ነው። ለእኔ ግን ክብደቱ ያለው በመጀመሪያው ግማሽ ላይ ነው። የወጋ ሰው የግድ ውሸታም አይደለም፤ ረስቷል። ስለዚህም ታሪኩን እንዲናገር ሲጠየቅ የጎደለውን ታሪክ ሙሉ ነው ብሎ አምኖ ይናገራል።

ትዳሩ እየፈረሰ ያለ አንድ ባል እናስብ፤ የሆነውን የሚነግረን እሱ ራሱ ነው እንበል። ሽማግሌዎች ፊት ተቀምጦ፣ «ምን እንዳጎደልኩባት አላውቅም፤ የአምናውን ፋሲካ እንኳ ዘመድ ወዳጅ ጠርተን፣ በልተን ጠጥተን፣ በደስታ ነው ያሳለፍነው» ይላል። ሚስቱ ተራዋ ሲደርስ የምታነሳው ያንኑ ቀን ነው፦ «አባቶቼ፣ ሌሊቱን ሽንኩርት ሳቁላላ አድሬ፣ 12ቱን ብልት አሟልቼ ያቀረብኩትን ዶሮ አንድ ጊዜ ጎርሶ፣ እናቴ እያየች ‹ይሄም ወጥ ነው?› ብሎ እጁን ሰበሰበ።»

ባልየው ሊክድ አፉን ይከፍትና ይዘጋል፤ የእናቷ ጉርሻ እጃቸው ላይ እንደቀረ አሁን ትዝ አለው። በዚያች ቅጽበት ገና ጸጸት አልመጣም፤ በመጀመሪያ የሚናጋው በራሱ ትረካ ላይ ያለው እምነት ነው። ይህን ከረሳሁ ሌላስ ምን ረስቻለሁ ብሎ ሌሎቹን ቀናት አንድ በአንድ መመርመር ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ሲተርክ ግሶቹ ይለወጣሉ። ቀድሞ «ተጋጨን»፣ «ተቀያየምን»፣ «አልተግባባንም» እያለ ጥፋቱን ለሁለት ያካፍል የነበረ ሰው፣ «ሰደብኳት»፣ «አሳፈርኳት»፣ «ስታለቅስ ትቻት ወጣሁ» ይላል። አማርኛችን ይህን ልዩነት በአንድ ግስ ውስጥ ያሳየናል፤ «ተዋጋን» የሚል ሰው ሁለት ጦር እንደነበረ ይናገራል፣ «ወጋኋት» የሚል ግን ጦሩ በማን እጅ እንደነበረ ያምናል። አንድ ጥፋተኛ ተራኪ ተለወጠ የምለው እዚህ ላይ ሲደርስ ነው፤ ይቅርታ መጠየቅ ከዚህ ይቀላል።

ይህ ለውጥ ትዳሩን ላያድነው ይችላል፤ እሱ ዛሬ ያስታወሰውን እሷ ዓመቱን ሙሉ ተሸክማው ኖራለች። በጨዋታ መካከል አባባሉ ብዙ ጊዜ በግማሹ ይነገራል፤ «የወጋ ቢረሳ…» ተብሎ ቀሪው ለሰሚው ይተዋል፤ ተናጋሪውም አብዛኛውን ጊዜ የተወጋው ነው። ባልየው ዕቃ ተካፍለው በሚለያዩበት ቀን እሱ ራሱ «የወጋ ቢረሳ…» ብሎ ቢጀምር፣ እስክትጨርስለት ሊጠብቃት አይገባም፤ ሁለተኛውን ግማሽ እሱ ራሱ ይበለው።