ቢራቢሮ በካሊፎርኒያ ሕግ ለምን ከዓሣ ጋር ትመደባለች?

በአሜሪካ የቢራቢሮዎች ጠቅላላ ብዛት እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2020 ድረስ 22 በመቶ ቀንሷል። ታዲያ ግዛቶች በሕጋቸው ለምን በቀላሉ አይጠብቋቸውም? እንቅፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማንም በማያነበው የትርጓሜ አንቀጽ ውስጥ ነው።

የካሊፎርኒያ ሕግ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ሲዘረዝር ወፍን፣ አጥቢ እንስሳን፣ ዓሣን፣ በውኃና በየብስ የሚኖሩትን፣ ተሳቢ እንስሳትንና ዕፅዋትን ይጠራል፤ ነፍሳትን ግን በስም አያነሳም። ሆኖም የግዛቱ የዓሣና የዱር እንስሳት ሕግ «ዓሣ» ሲል አከርካሪ አልባ እንስሳትንም ይጨምራል። የአልሞንድ አምራቾችና ሌሎች የግብርና ማኅበራት ይህ ለውኃ ውስጥ ፍጥረታት ብቻ ነው ብለው ተከራክረው ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ2022 አራት የዱር ንብ ዝርያዎች በዚሁ ትርጉም ሊጠበቁ እንደሚችሉ ወሰነ። ቢራቢሮም አከርካሪ የላትምና በሩ ለእርሷም ተከፍቷል። መፍትሔው ጠማማ መንገድ ቢከተልም፣ እኔ ትክክል ነው እላለሁ።

«የፌዴራሉ ሕግ እያለ የግዛት ሕግ ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን የሚጠብቀው የ1973ቱ የፌዴራል ሕግ ነፍሳትን ያቅፋል። ነገር ግን የአንድን ዝርያ ክፍል፣ ማለትም በአንድ አካባቢ ብቻ የሚኖረውን የዝርያውን መንጋ፣ ለይቶ የሚጠብቀው አከርካሪ ላላቸው እንስሳት ብቻ ነው። ስለዚህ አንዲት ቢራቢሮ ሌላ ቦታ በብዛት እስካለች ድረስ ከአንድ ግዛት ፈጽማ ብትጠፋ እንኳ፣ ያንን ስፍራ ብቻ ለማዳን የፌዴራሉን ሕግ መጥቀስ አይቻልም። ይህንን ክፍተት መሙላት የሚችለው ግዛቱ ነው። ኮሎራዶ በ2024 ያደረገችው ይበልጥ ቀጥተኛ ነው፤ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቷ አከርካሪ አልባ እንስሳትንና ብርቅዬ ዕፅዋትን እንዲያጠናና እንዲጠብቅ በግልጽ ሥልጣን ሰጠችው።