ዶኒ ኦስመንድ፦ ስሙ ያነሣው፣ ስሙ የከበደው ዘፋኝ

ዶኒ ኦስመንድ አሜሪካዊ ዘፋኝ፣ የቴሌቪዥን አቅራቢና የመድረክ ተዋናይ ነው። በ1957 በዩታ ግዛት፣ ኦግደን ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። አምስት ዓመቱ ላይ ቴሌቪዥን ላይ ዘፈነ፤ ዛሬም ከመድረክ አልወረደም። የሱ ዘመን ታዳጊ ኮከቦች አብዛኞቹ ወረታቸው አልፎ ተረስተዋል። እሱም ተረስቶ ነበር። የሚገርመው ተመልሶ መምጣቱ ነው፣ ያውም ከአንዴም ሁለቴ።

ከዘጠኝ ልጆች ሰባተኛው ነው። ቤተሰቡ የሞርሞን እምነት ተከታይ ነው። ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቹ የመስማት ችግር ነበረባቸው። ከእነሱ በታች ያሉት አራቱ መዝፈን የጀመሩትም ለመስሚያ መሣሪያ መግዣ ገንዘብ ለማግኘት ጭምር ነበር። ልጆቹ በ1962 በአንዲ ዊሊያምስ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ታዩ። ትንሹ ዶኒ በዓመቱ ተቀላቀላቸው።

ቤቱ በዝና የተናጋው በ1971 ነው። «ዋን ባድ አፕል» የተባለው ዘፈናቸው በአሜሪካ ለአምስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። ሬዲዮ ላይ ሲሰሙት የማይክል ጃክሰንና የወንድሞቹ ቡድን ጃክሰን ፋይቭ የመሰላቸው ጥቂት አልነበሩም። በዚያው ዓመት ዶኒ ለብቻው በዘፈነው «ጎ አዌይ ሊትል ገርል» ደግሞ አንደኛ ወጣ። ገና 13 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው እብደት ነው። ጥርሱ፣ ፀጉሩ፣ ሐምራዊ ካልሲው ሳይቀር የመጽሔት ወሬ ሆነ። እንግሊዝ ውስጥ «ፓፒ ላቭ» በ1972 ለአምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። በ1973 ልጃገረዶች ሊቀበሏቸው ለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሲጋፉ የበረንዳው ግድግዳ ተደርምሶ የተጎዱ ነበሩ። የኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የዚያ ዘመን ምርጥ ሥራቸው ለስላሳው «ፓፒ ላቭ» ሳይሆን «ክሬዚ ሆርስስ» ነው። ከእነዚያ ጨዋ ልጆች ይወጣል ተብሎ የማይጠበቅ፣ ጊታሩ የሚጮህ ሮክ ነው።

ከ1976 እስከ 1979 ከእህቱ ከማሪ ጋር በኤቢሲ ጣቢያ የራሳቸው ሳምንታዊ ዝግጅት ነበራቸው። ተወደደ። ይሁንና ያው ንጹሕ፣ ፈገግታ የማይለየው ልጅ የሚለው ምስል ይበልጥ ተጣበቀበት። በ1978፣ በ20 ዓመቱ ሲያገባ ብዙ አድናቂዎቹ ቅር አላቸው። በ1982 በኒው ዮርኩ የቴአትር መንደር በብሮድዌይ «ሊትል ጆኒ ጆንስ» በተባለ ሙዚቃዊ ቴአትር መሪ ተዋናይ ሆኖ ቀረበ። ቴአትሩ በተመረቀበት ምሽት ተዘጋ። አንድ ቀን ብቻ!

በሰማንያዎቹ የዶኒ ስም ራሱ ቀልድ ሆኖ ነበር። ማይክል ጃክሰን «ስምህ መርዝ ሆኗል፣ ቀይረው» ብሎ እንደመከረው ዶኒ ደጋግሞ ያወራል። አልቀየረውም። ስሙን የደበቁለት ሬዲዮኖች ናቸው። «ሶልጀር ኦቭ ላቭ» የተባለ አዲስ ዘፈኑ ኒው ዮርክ ሲደርስ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ማን እንደዘፈነው ሳይናገር «ምስጢራዊው ድምፃዊ» እያለ ያጫውተው ጀመር። አድማጭ እየደወለ ይገምታል፣ ዘፈኑም ይድገም ይባላል። ስሙ ሲገለጥ ሰው አፉን ያዘ። በ1989 ዘፈኑ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ያ ሁሉ ሰው ስሙን ቀድሞ ቢሰማ ኖሮ ሬዲዮውን ያጠፋ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ቀጥሎ ቴአትር ካሰው። ከ1992 ጀምሮ በቶሮንቶና በሌሎች ከተሞች የዮሴፍን ታሪክ በሚያወሳ ሙዚቃዊ ቴአትር ላይ ዮሴፍን ሆኖ ተወነ። በኅብር ያጌጠችውን ቀሚስ ለብሶ ከ2000 ጊዜ በላይ መድረክ ላይ ወጥቷል። ከውጭ ሲያዩት የተሳካለት ሰው ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ግን በከባድ ጭንቀት ይሠቃይ ነበር። መድረክ ላይ ከመውጣት ሞት ይሻለኝ ነበር እስከማለት ደርሷል። ከልጅነቱ ጀምሮ አንዲት ስህተት ሳይሠራ እንዲታይ የተጠበቀበት ሰው ነውና አይፈረድበትም። ሕክምና አገኘ፤ ጉዳዩንም በአደባባይ ተናገረ። ወንድ አርቲስት ስለ ጭንቀት እምብዛም በማይናገርበት በዚያ ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የአሁን ወጣቶች ስሙን ባያውቁት እንኳ ድምፁን ያውቁታል። በ1998 በወጣው የዲዝኒ «ሙላን» ፊልም ውስጥ ወታደሮቹ ሲሠለጥኑ የሚዘፍነው የካፒቴን ሻንግ ድምፅ የሱ ነው። በ2009 «ዳንሲንግ ዊዝ ዘ ስታርስ» የተባለውን የዳንስ ውድድር በ51 ዓመቱ አሸነፈ። ልጆች አጎቴ የሚሉት ዕድሜ ላይ ማለት ነው። በ2019 ደግሞ የጣዎስ ጭንብል አጥልቆ በ«ዘ ማስክድ ሲንገር» ሁለተኛ ወጣ። አሁንም ስሙ ተደብቆ!

ከማሪ ጋር በላስ ቬጋሱ ፍላሚንጎ ሆቴል የጀመሩት ትርዒት ለስድስት ሳምንት ብቻ የታሰበ ነበር። ከ2008 እስከ 2019 ለ11 ዓመት ዘለቀ። ከ2021 ጀምሮ እዚያው ላስ ቬጋስ ሃራስ ሆቴል ውስጥ ለብቻው ይሠራል። እዚያ ታዳሚ ከአልበሞቹ የፈለገውን ዘፈን ይጠይቀዋል። በመሀል ደግሞ የሕይወት ታሪኩን ለአሥር ደቂቃ ያህል በራፕ ይተርካል።