ከእርግዝና ስኳር በኋላ የሚደረግ የደም ምርመራ

በእርግዝና ጊዜ የታየ የስኳር በሽታ ከወሊድ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። የኢንሱሊንን ሥራ የሚያውኩት ሆርሞኖች በብዛት የሚመነጩት ከእንግዴ ልጁ ነው። እሱ ሲወጣ የደም ስኳርም በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይወርዳል፤ ኢንሱሊን ትወጋ የነበረች እናትም ብዙውን ጊዜ ወዲያው ታቆማለች። ከሆስፒታል ስትወጣ «ስኳርሽ ወርዷል» መባሏ ስሕተት የለበትም፤ ጉዳቱ ነገሩ በዚያው አልቋል ብላ መሄዷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር ትንታኔ እንደሚያሳየው፣ የእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት በዓይነት ሁለት ስኳር የመያዝ ዕድሏ ካልነበረባት ሴት በ10 እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

ዋናው ምርመራ ግሉኮስ ጠጥቶ የሚደረገው ነው። የአሜሪካ የስኳር ማኅበር ከወሊድ በኋላ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንዲሠራ ይመክራል። የእንግሊዝ መመሪያ ግን ከ6 እስከ 13 ሳምንት ባለው ጊዜ በባዶ ሆድ የሚለካውን ብቻ ይቀበላል። ይህኛው ለእናቲቱ ይቀላል፤ ነገር ግን ጠዋት ደህና ሆኖ ከምግብ በኋላ ብቻ ከፍ የሚለውን ስኳር ያሳልፋል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ የመጀመሪያው ይመረጣል።

በኢትዮጵያ ጊዜውን ማስታወስ ከባድ አይደለም፤ ሕፃኑ በ6 እና በ10 ሳምንቱ ለክትባት ይሄዳል፣ ሁለቱም ቀጠሮዎች በዚሁ ወቅት ውስጥ ይወድቃሉ። ችግሩ እናቲቱ ገንፎዋን በልታ መምጣቷ ነው። ምርመራው ከክትባቱ ጋር እንዲደረግ ከተፈለገ፣ ሳትበላ እንድትመጣ አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል።

ከምርመራው በፊት ባሉት ሦስት ቀናት እንደወትሮዋ መብላት አለባት፤ በቀን ቢያንስ 150 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። «ውጤቱ እንዲያምር» ብሎ እንጀራ መቀነስ ውጤቱን የባሰ ሊያደርገው ይችላል፤ የተራበ ሰውነት ድንገት ሲመጣበት ግሉኮስን በደንብ አይቋቋምምና። እራት ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት አብቅቶ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ደም ቢሰጥ የባዶ ሆድ ጊዜው ይሟላል። ውሃ ይፈቀዳል። ሌሊት ለማጥባት ስትነሣ የምትጎነጨው አጥሚት ግን ሁሉንም ያበላሻል፣ ስኳር የሌለው ቡናም አይፈቀድም። ትኩሳት ወይም የጡት ኢንፌክሽን ካለ ቀኑ ይዛወር።

መጀመሪያ የባዶ ሆድ ደም ከደም ሥር ይቀዳል። ከዚያ 75 ግራም ደረቅ ግሉኮስ ከ250 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይጠጣል። ዱቄቱ ውሃ ያዘለ ዓይነት (ሞኖሃይድሬት) ከሆነ 82.5 ግራም ይሆናል። የሻይ ስኳር ወይም ለስላሳ መጠጥ አይተካውም፤ ከሻይ ስኳር ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ጉንጭ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደም በ120ኛው ደቂቃ ይቀዳል። እስከዚያ ቁጭ ማለት ነው። ካስመለሳት ምርመራው ተቋርጦ ሌላ ቀን ይደገማል። ሕፃኑን ማጥባት አይከለከልም፤ የሁለተኛውን ውጤት በመጠኑ ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል ግን ይመዝገብ።

ብዙ ውጤት የሚበላሸው ከተቀዳ በኋላ ነው። በቱቦ ውስጥ ያለ ደም ስኳር መብላቱን አያቆምም፤ በክፍል ሙቀት በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። ግራጫ ክዳን ያለው ቱቦ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ይህን ቢገታም ሙሉ በሙሉ እስኪሠራ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ ቱቦው በረዶ ባለበት ውሃ ተቀምጦ ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) በ30 ደቂቃ ውስጥ ቢለይ ይመረጣል። በባዶ ሆድ በሽታ የሚባለው ከ126 ጀምሮ ስለሆነ፣ 128 የነበረ ስኳር ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰዓት ቢቆይ 120 ሆኖ ሊነበብና ሕመሙ ሊያመልጥ ይችላል። የጣት ደም የሚለካበት ግሉኮሜትር ለቤት ክትትል እንጂ ለዚህ ምርመራ አይሆንም።

በባዶ ሆድ 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ፣ አለዚያም በ120ኛው ደቂቃ 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ነው። ሕመም ካልተሰማት ግን ሁለት የተዛቡ ውጤቶች ያስፈልጋሉ፤ የዚያው ቀን ሁለቱ ልኬቶች ከፍ ካሉ ይበቃሉ። ሁለተኛው ልኬት ከ140 እስከ 199 ከሆነ ቅድመ ስኳር (ከጤናማው ከፍ ያለ፣ ግን ገና በሽታ ያልሆነ) ይባላል። በባዶ ሆድ ሲለካ አሜሪካኖች ቅድመ ስኳርን ከ100፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ110 ይጀምራሉ። እንግሊዝ አገር ውጤቱ በሚሊ ሞል በሊትር ይጻፋል፤ በ18 ሲባዛ ወደዚህ ይመለሳል፣ 7 ማለት 126 ነው።

የሦስት ወር ስኳር የሚባለው ኤዋንሲ መጾም ስለማይፈልግ ይወደዳል። በአራስነት ግን አይታመንም። በወሊድ የፈሰሰ ደምና የተሰጠ ደም ዝቅ፣ የብረት እጥረት ደግሞ ከፍ ያደርጉታል። የእንግሊዝ መመሪያም ከ13 ሳምንት በፊት አይጠቀምበትም። ያኔም ቢሆን ደም ማነስ ያለባት ሴት በግሉኮስ ብትመረመር ይሻላል።

ውጤቱ ደህና ከሆነ በየ1 እስከ 3 ዓመቱ፣ ዕድሜ ልክ ይደገማል። ቅድመ ስኳር ያለባት በየዓመቱ ትመረመራለች፣ ሕክምናም አላት፦ በአሜሪካ በተደረገ ትልቅ የመከላከያ ጥናት የእርግዝና ስኳር የነበረባቸው ቅድመ ስኳር ያላቸው ሴቶች ክብደት በመቀነስና በእንቅስቃሴም፣ ሜትፎርሚን በተባለው የስኳር መድኃኒትም ወደ በሽታው የመሸጋገር ዕድላቸውን በግማሽ ያህል ቀንሰዋል። ቀጭን ሆና ኢንሱሊን ያስፈለጋት ወጣት ደግሞ ዓይነት አንድ ስኳርን የሚጠቁሙ ፀረ እንግዳ አካላት በደሟ መኖራቸው ቢታይላት ጥሩ ነው።

ሌላ ልጅ ካሰበች ከማርገዟ በፊት መለካት አለባት። የፅንሱ ልብና ህብለ ሰረሰር የሚሠሩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ያልታወቀ ከፍተኛ ስኳር የሚጎዳውም ያኔ ነው፣ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ።